የበረከት ጉዝጓዝ

አስካለማርያምን ፊት ለፊት ሳናግራት እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ «እትዬ» ብያት፣ አንቱ ብያት ነው የኖርኩት። እዚህ ግን «አለች፣ ሄደች» እያልኩ ነው የምጽፋት። ስድ ሆኜ አይደለም። አንቱታ እንደ ዶሮ መኖ ነው፤ እንቁላል ለማትጥል አይበተንም።

አበልጄ ናት። ልጄን ትንቢትን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት። እናቴ ጎሬ ላይ ስታርፍ ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ ሳትነሳ የሰነበተችውም እሷ ናት። መቱ ውስጥ ዶሮ ማርባት ያማራት ሴት ሁሉ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ እሷ ግቢ ነበር፤ የትኛዋ ቄብ ጥሩ ጣይ እንደምትሆን ዓይኗን አይታ ትናገራለች ይባልላታል። እኔም ገበያ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ መቸርቸሩ ሲሰለቸኝ ሥራውን የተማርኩት ከእሷ ነው። ያስተማረችኝን አልክድም። ብትክደኝም አልክድም።

ከተማው ለዶሮ አርቢዎች ማኅበራችን ረጅም የቆርቆሮ ሼድ ሲሰጠን ክፍሎቹ ከአባላቱ ያንሱ ስለነበር ዕጣ ተጣለ። ለእኔ የማዕዘኑ ክፍል ደረሰኝ፤ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት፣ ቧንቧው ደጁ ላይ ያለ። አስካለማርያም ዕጣው ሳይወጣላት ቀረ። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡት መምህር ኦቦ መገርሳ፣ «የሚለቅ ሰው ሲኖር ተራው የእርስዎ ነው» አሏት። እሷም ሳቀችና ስሜን ጠርታ፣ «ሳያት ከደረሳት እኔ ደረሰኝ ማለት ነው!» ብላ እልል አለችልኝ። ሴቶቹ ሁሉ ተከትለዋት እልል አሉ። ከዚያ ክፍል ሌላ እንጀራ እንደሌለኝ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

ጫጩቶቼን ያስገባሁት በመስከረም ማብቂያ ላይ ነው። ዋዜማውን አስካለማርያም ቤቷ ጠራችኝ።

በእኛ ዘንድ ዶሮ የምትጀምር ሴት እጇ ከተባረከላት ሴት ቤት ጉዝጓዝ ትወስዳለች። ጉዝጓዝ ማለት ዶሮዎቹ የሚረግጡት፣ የሚጭሩት፣ ኩሳቸውን የሚጥሉበት ወለል ላይ ያለው ነው። ሌላ አገር ሰጋቱራ ይሆናል፤ እኛ ጋ ከያዮ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ የቡና ገለባ ነው። አዲሱን ገለባ ካነጠፍሽ በኋላ በላዩ ላይ ከባለ እጇ ቤት የመጣውን አሮጌውን ትበትኛለሽ። የበረከት ጉዝጓዝ እንለዋለን። ሞኝ ብትሉን እቀበላለሁ። ለእኛ ግን ከጎረቤት እርሾ እንደ መበደር ነበር፤ የዚያች ቤት ሊጥ ከቦካ ያንቺም ይቦካል።

የቀርከሃ ቅርጫቷን ከትልቁ ዶሮ ቤት ሞልታ ጠበቀችኝ። ተሸክሜ ወደ ዋናው በር ልሄድ ስል መንገዱ በትንሹ ቤት ደጅ ያልፋል። ትንሹ ቤት የጫጩቶቿ ቤት ነው። ደጁ ላይ አንድ የላስቲክ ጫማ ተቀምጧል፤ እዚያ ስትገባ ብቻ የምታደርገው። በሽቦው ሳይ ወለሉ ላይ ያለው ገለባ ገና ዛሬ ከጆንያ የፈሰሰ ይመስል ነበር። ንጽህናዋ ደነቀኝ። እርምጃ ሳልጨምር ክንዴን ያዘችኝ።

«በዚያ አይደለም ልጄ! በጓሮ ዙሪ።»

«ለምን እትዬ? ጭቃ ነው እኮ።»

«በረከት ተሸክመሽ በዋናው በር ብትወጪ ዓይን ያይሻል። ሰው ክፉ ነው። በጓሮ!»

ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በዝናብ በራሰው ኮባ መሀል፣ ጭቃውን እያቦካሁ ወጣሁ። እሷ ከኋላዬ ቅጠሉን ከፊቴ ላይ እየገለጠችልኝ ሸኘችኝ። እናቴ እንኳ እንዲህ አትጠነቀቅልኝም ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ቅርጫቱን ለመመለስ አትቸኩዪ» አለችኝ የጓሮውን አጥር ስንደርስ። «በመጀመሪያው እንቁላል ሞልተሽ ታመጪልኛለሽ።» የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስምና፣ እሺ ብዬ ጉልበቷን ሳምኩ።

ቅርጫት የሚሞላ እንቁላል ግን አልመጣም። ዶሮዎቼ ይበላሉ፣ አይከብዱም። ክንፋቸው ወደቀ፣ ደረታቸው እንደ ቢላ ጀርባ ሾለ። ክትባታቸው አልጎደለም፣ ውሃቸው ንጹህ ነው። አስካለማርያምን ጠየቅኳት። መጥታ አንዷን አንስታ ላባዋን ገለጥ ገለጥ አደረገችና፣ «መኖ ጨምሪላቸው» አለችኝ። ጨመርኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የምጨምረውን ሁሉ ሌላ ሰው የሚበላው ነበር የሚመስለኝ።

ለፋሲካ የማይጥሉትን ለየሁና ለደንበኞቼ ሸጥኩ። አንዷን የወሰደችው ባለሱቋ ሸዋርካብሽ ናት። በቀዳም ስዑር፣ አገር ሁሉ ሽንኩርት እየከተፈ ባለበት ሰዓት፣ ሸዋርካብሽ የዶሮዋን አንጀት በሳህን ይዛ ደጄ ላይ ቆመች። አንጀቱ ተሰንጥቆ ከውስጡ ነጫጭ ትሎች ተግተልትለው ይታያሉ፤ የተቀቀለ ፓስታ ነው የሚመስሉት። «ሁለት ወር ጾሜ የምፈታው በዚህ ነው?» አለችኝ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየ። የትንሣኤ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የባጃጅ ሾፌሮቹ «የፓስታ ዶሮ!» ብለው ሲጠሩኝ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩት። መቱ ስም ለማውጣት ማን ይችላታል።

በዚያው ሰሞን ነው ከዓያንቱ ጋር የተዋወቅነው። ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ለመመረቂያ ጥናቷ የዶሮ ትል የምትሰበስብ ልጅ ናት። በዓል በመጣ ቁጥር በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮ የየሰዉን ደጅ እያንኳኳች «ማሎ፣ እባካችሁ፣ አንጀቱን እንዳትጥሉት» ትላለች። «አንጀት ለማኟ መጣች» እያሉ ይስቁባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። የሸዋርካብሽን ሳህን ወሬ ሰምታ መጣችና ከክፍሌ ዶሮዎች ትል ወሰደች።

አስካለማርያምም ልታጽናናኝ መጣች። ተቀመጠች፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ ከዚያ ዓይኗ ጓሮዬ ላይ አረፈ። እዚያ እናቴ የተወችልኝ የሐበሻ ዶሮዎች ይጭራሉ፤ ጎሬ ከእናቴ ደጅ ያመጣኋቸው ገብስማ ዶሮዎችና አንድ ቀይ አውራ።

«ከእነዚህ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ትሉ ነዋ! የሐበሻ ዶሮ ትል አያጣም። አንቺ ከጓሮሽ ወደ ሼዱ በእግርሽ ነው ያመላለስሽው። አሳርጃቸው ልጄ። ለራስሽ ብዬ ነው።»

እናቴ እነዚያን ዶሮዎች በስም ነበር የምትጠራቸው። አውራው ሲጮኽ የጎሬ ንጋት ይመጣብኝ ነበር። ግን አስካለማርያም ካለች አለች ነው። አሳረድኳቸው። ዓያንቱ የእነሱንም አንጀት ወሰደች። እኔ ከሥጋቸው አልቀመስኩም። ትንቢት ላባቸውን ሰብስባ ስትቀብር አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ዶሮዎቹን ካሳረድኩ በኋላ ነገሩ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ግን መጀመሪያ እጇን ያወጣችው አስካለማርያም ናት።

«ሳያት ልጄ ናት» ብላ ጀመረች። ይህን የሚል ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚል አሁን አውቃለሁ። «ልጄም ብትሆን እውነቱን ካልተናገርኩ እግዜር ይታዘበኛል። ትሉን ከጎሬ ዶሮዎቿ ያመጣችው እሷ ናት። የሁላችሁም ዶሮ ሳያልቅ ክፍሉን ትልቀቅ። ከሚያስተካክለው ሰው እጅ ይግባ።»

የሚያስተካክለው ሰው ማን እንደሆነ መናገር አላስፈለጋትም፤ ተራው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሴቶቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። እልል ያሉልኝ ሴቶች ናቸው።

ኦቦ መገርሳ ብቻ አመነቱ። «ያቺ ልጅ ከትሎቹ ዘር ምንጩ ይታወቃል ትላለች። ውጤቱ እስኪመጣ እንቆይ። ክፍሉ እንዲለቀቅ የሚወሰነው ያኔ ነው» አሉ።

«ይምጣ!» አለች አስካለማርያም። «የእኔንም ቤት ገብታ ትውሰድ። በሰው ፊት ይነገር፣ ስሜም ይጠራ። ምን ፈርቼ!» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞራ፣ «ትል ትል ነው። መታወቂያ አያወጣ!» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳልፈልግ ፈገግ አልኩ።

ያ ክረምት ረጅም ነበር። ለዶሮዎቹ በዓያንቱ ምክር መድኃኒት ተሰጠ፣ አሮጌው ጉዝጓዝ ተጠርጎ ተቃጠለ፣ ወለሉ ታጠበ፣ አዲስ ገለባ ተነጠፈ። የተረፉት ሥጋ አወጡ፣ መጣልም ጀመሩ። ግን ከእኔ እንቁላል የሚገዛ ጠፋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ በዓይኔ ማዕዘኑን እሰናበተው ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ራሴን ማመን መተዌ ነው። እናቴ በዶሮዎቿ በኩል መርዝ ያወረሰችኝ ይመስለኝ ጀመር። እናቴን!

ዓያንቱ ውጤቱን ይዛ የመጣችው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ሼዱ ደጅ ላይ አግዳሚ ወንበር አውጥተን ተሰበሰብን። አስካለማርያም ከፊት ተቀመጠች፤ እኔ በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

«ስም መጥራት ልማዳችን አይደለም» አለች ዓያንቱ። «ግን ባለቤቶቹ ራሳችሁ ይነገር ብላችኋል።» ዞር ብላ አየችን። ሁላችንም እሺ አልን። አስካለማርያም «ተናገሪ ልጄ፣ ተናገሪ» አለች።

«ትል ስናየው ሁሉም አንድ ይመስላል። ግን እናትና አያት አለው። ዘረመሉን ስናነበው የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ይለያል። ከጎሬ የሐበሻ ዶሮዎች ያገኘሁት ቤተሰብ ብቻውን ነው። የእትዬ ሳያት እናት ዶሮዎችም ትል ነበረባቸው፤ ትሉ ግን የጎሬው ዘር ነው። ሼዱ ውስጥ አንድም አላገኘሁትም።»

ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ቀዩ አውራ ያለ ጥፋቱ ነው የሞተው።

«ታዲያ የሼዱ ከየት መጣ?» አሉ ኦቦ መገርሳ።

«ዱጋውን ልናገር» አለች ዓያንቱ፤ እውነቱን ማለቷ ነው። «ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ የተቀላቀለበት ጎተራ አለ እንበል። አንድ እፍኝ ብትዘግኑ ከሁሉም አይደርሳችሁም። እፍኙ ውስጥ ያለው ግን ሁሉ ጎተራው ውስጥ አለ። በእትዬ ሳያት ክፍል ያሉት የትል ቤተሰቦች ጥቂት ናቸው። እነዚያ ጥቂቶች አንድም ሳይቀሩ በእትዬ አስካለ ትልቁ ቤት አሉ፤ እዚያ ደግሞ ሌሎችም ብዙ አሉ። ለዓመታት ከየቦታው ዶሮ ሲገባ የተጠራቀሙ ናቸው። ከጎተራው ወደ እፍኙ ነው የሄደው። በምን እንደሄደ እኔ አላውቅም።»

እኔ አወቅሁ። ሁላችንም አወቅን። የትሉ እንቁላል አሮጌ ጉዝጓዝ ውስጥ ወራት እንደሚቆይ ዓያንቱ ስትናገር ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከእነሱም መሀል ከዚያ ቤት ቅርጫት ያልወሰደች ጥቂት ናት።

አስካለማርያም ተነሳች። መቀነቷን ፈትታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወደ እኔ መጣችና እግሬ ላይ ልትወድቅ አጎነበሰች። ያዝኳት።

«ሳላውቅ ነው ልጄ! የፈጠረኝ ምስክሬ ነው፣ ሳላውቅ ነው! በረከት መስሎኝ ነው!» እያለች አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ኦቦ መገርሳ «አራራ ይሁን፣ ዕርቅ ይሁን። ክፍሉም ባለበት ይጽና» አሉ። ሴቶቹ «ይሁን» አሉ። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ሳምኳት። ከልቤ ነው የሳምኳት፤ ይህን ማንም እንዳይጠራጠር። ባለማወቅ የተደረገ በደል በደል አይደለም፤ ሁላችንም አላወቅንም። ያን ዕለት ቤቴ የገባሁት ቀሎኝ ነው። ክፍሌ ተመለሰልኝ፣ እናቴ ተመለሰችልኝ፣ አበልጄም ተመለሰችልኝ።

በማግስቱ ቅርጫቷን ከተሰቀለበት አወረድኩ። በፈላ ውሃ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሲደርቅ እንቁላል እየመረጥኩ ሞላሁት፤ ትላልቁንና ቡናማውን። ትንቢት «ለክርስትና እናቴ ነው?» ብላ ከላይ አበባ ጣል አደረገችበት። ምሳ ሰዓት ላይ ነጠላዬን ለብሼ ወደ አስካለማርያም ቤት ሄድኩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ገባሁ። እሷ በረንዳ ላይ ጎመን ትቀነጥሳለች። ወደ እሷ የሚወስደው መንገድ በትንሹ ቤት ደጅ ያልፋል። ጫማው እዚያው ነው። ውስጥ አዲስ ጫጩቶች ይንጫጫሉ፣ ወለሉ ላይ አዲስ ገለባ አለ።

«እንደምን ዋሉ እትዬ» ልል አፌን ስከፍት ቀና አለች። ዓይኗ እኔን አላየም። ቅርጫቱን ነው ያየው።

«በዚያ አታሳልፊው!» ብላ ጮኸች፤ ጎመኑ ከጭኗ ላይ ተበተነ። «በጓሮ ዙሪ! በጓሮ!»

እግሬ እንደ ተተከለ ቀረ። ያንኑ ቦታ ነው የቆምኩት። ያኔ ክንዴን የያዘችኝ ቦታ።

ዛሬ ብትፈራ አልፈርድባትም፤ ከዓያንቱ አፍ ሰምታለች። የዚያን ቀን ግን ማን ነግሯት ነበር? የዚያን ቀንም ጫማው ደጁ ላይ ነበር። የዚያን ቀንም ገለባው አዲስ ነበር።

«እትዬ» አልኳት። «የዚያን ቀን በጓሮ የሸኙኝ ከማን ዓይን ሊያስጥሉኝ ነበር?»

«ከሰው ነዋ! ሰው ክፉ ነው አላልኩሽም?» ጎመኗን መልቀም ጀመረች።

«ያ ጉዝጓዝ በረከት ከሆነ ለራስዎ ጫጩቶች ለምን አልበተኑላቸውም?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!» አለች ተቆጥታ፣ ቀና ሳትል። «ጫጩት ይታመማላ!»

ቃሉ ከወጣ በኋላ እጇ ቆመ። የያዘችው ጎመን እዚያው በእጇ ቀረ። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት።

«የእኔዎቹም ጫጩቶች ነበሩ እትዬ።»

«ሳያት…» ድምጿ ሟሸሸ። «ሳያት ስሚኝ። አንቺን የሚጎዳሽ አልመሰለኝም። ዶሮ ነው፣ ያልቃል፣ ሌላ ይገዛል። ክፍሉን ብቻ ነበር የፈለግኩት። በዚህ ዕድሜዬ ጨለማ ጓሮ ውስጥ ከትል ጋር… አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ገበያውም አለልሽ…»

ብዙ ተናገረች። እኔ የምሰማው ግን ያን እልልታ ነበር። እልል ስትል እያሰበችው ነበር? ቅጠሉን ከፊቴ ላይ ስትገልጥልኝስ? የእናቴን ዶሮዎች አሳርጂ ስትለኝ ያላጠፉትን እንደምታስገድል ታውቅ ነበር፤ ትናንት እግሬ ላይ ልትወድቅ ስታጎነብስም ታውቅ ነበር፤ በፈጠራት ስትምል ታውቅ ነበር። ጠላት ቢያደርገው ጠላት ነው ብዬ እተኛ ነበር። ልጄን ከጠበሉ ያወጣች እጅ ናት ያንን ቅርጫት የሞላችው። ተቃጠልኩ። ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም፣ ተቃጠልኩ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን ዘረጋሁና እንቁላሎቹን ከቅርጫቱ አንድ በአንድ እያወጣሁ አስቀመጥኩበት። እሷ ቆማ ታየኛለች። የትንቢትን አበባ መልሼ ከላያቸው ጣል አደረግኩት። ከዚያ የነጠላዬን ጫፎች ሰብስቤ ያዝኩና ተነሳሁ፤ ቅርጫቱን በሌላ እጄ ዘረጋሁላት።

«ባዶውን?» አለች። «የሰው ዕቃ ባዶ ይመለሳል እንዴ ሳያት?»

«ሞልተው የሰጡኝ ቀን ባዶ በሆነ ኖሮ።»

አልተቀበለችኝም። ቅርጫቱን ከጫማዋ አጠገብ፣ ትንሹ ቤት ደጅ ላይ አስቀመጥኩት። እንቁላሎቼን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ሰው እያየኝ፣ በዋናው በር ወጣሁ።